ፎርማት ያደረግኩት ላፕቶፕ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዶክትሬት ልትጀምር ነው። የኮምፒውተር ደኅንነት ነው የምታጠናው። ባለፈው እሑድ ቡና እያፈላሁ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና «እቴቴ፣ ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

መነጽሬን ፈልጌ አየሁት። ቢል ማርዛክ፣ የስለላ ሶፍትዌሮችን የሚያጋልጠው ተመራማሪ።

«አውቀዋለሁ።»

«የት?»

«በአካል አላውቀውም። በአንድ ላፕቶፕ ነው የማውቀው።»

ሳቀች። እሷ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ጥናቶቹን ስንት ሰው ጠቀሳቸው፣ በየትኛው ጉባኤ ላይ ቀረቡ፣ ከእንደዚህ ዓይነት ሥራ ፕሮፌሰርነት ይገኛል ወይስ አይገኝም። ልጅ ናት፣ ወደፊቷን እያሰላች ነው፤ አልፈርድባትም። እኔ ግን ስሙን ሳይ የታየኝ የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ነው። በላዩ ላይ አንድ ጥቁር፣ ማጠፊያው የላላ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ያን ቀን ለሷ በደንብ አላስረዳኋትም፣ ቡናው ገነፈለብኝ። እዚህ ልጻፍላት። (ቀኑም ወሩም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የሥራ ቀን አንድ ሆስፒታል ውስጥ «ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ» የሚሉ ነርሶችን ስልክ እመልሳለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ያኔ ቤቴ የሰፈሩ ጋራዥ ነበር፤ መኪና ሳይሆን ላፕቶፕ የሚጠገንበት። አርባ ዶላር አስከፍላለሁ። ከዘመድ አልቀበልም፣ የሚገርመው ግን ሁሉም ዘመዴ ሆኖ ይመጣል። አንዳንዱ በድርቆሽ፣ አንዳንዱ በበርበሬ ይከፍለኛል። በሽታውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቫይረስ ገባበት»። መድኃኒቴም አንድ ነበር። ፎቶዎቹን በፍላሽ አወጣለሁ፣ ፎርማት አደርገዋለሁ (ውስጡ ያለውን ሁሉ አጠፋለሁ)፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ እጭናለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በመሃል ወጥ ይሠራል።

በ2013 ጸደይ አንድ ጋሼ ላፕቶፑን በፌስታል ይዞ መጣ። ስሙን አልጠራም። ሰፈር ውስጥ ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስብሰባ ካለ ወንበር ደርዳሪው እሱ ነው፣ ለኢሳት፣ በውጭ አገር ላለው የአማርኛ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ገንዘብ ሲዋጣ ደብተሩን የሚይዘው እሱ ነው። ሌሊቱን በስካይፕ ከአውሮፓ፣ ከአውስትራሊያ፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር ሲያወራ ያድራል። አገሩን በስካይፕ ነበር የሚኖረው ማለት ይቻላል።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሰነፈብኝ» አለኝ። «ማራገቢያው ዝም ብሎ ይጮሃል። ምንም ሳልነካው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ጋሼ?»

ትንሽ አሰበ። «ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ልኮልኝ ከፈትኩት። ዎርድ ነው። ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ሰምቼ ጆሮ አልሰጠኋትም። ዛሬ ቢሆን ወንበሬን ስቤ «የትኛው ጓደኛ? መቼ? ኢሜይሉ አሁንም አለ? አትንካው!» እል ነበር። ያን ቀን ግን ሽሮዬ ምድጃ ላይ ነበር። «ችግር የለም፣ ነገ ይደርስልዎታል» አልኩት። የልጆቹን የምርቃት ፎቶ አወጣሁ። ከዚያ ፎርማት። ላፕቶፑ እንደ አዲስ ሆነ። ጋሼ መረቀኝ፣ አርባ ዶላሬን ተቀበልኩ።

ያኔ ያላወቅኩት፣ ያቺው ሰሞን የወጣ አንድ ጥናት ነበር። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲትዝን ላብ የሚባል የምርምር ቡድን አለ። መጋቢት 13 ቀን 2013 አንድ ዘገባ አወጡ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ማርዛክ ነው፤ ካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር፣ ልክ አሁን የእህቴ ልጅ ልትገባበት እንዳለችው ዓይነት ተማሪ። ነገሩ የጀመረው ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2012፣ ባህሬን ላይ ነው። ማርዛክ በልጅነቱ ባህሬን ኖሯል፣ እዚያ ሰዎች ያውቃል። የባህሬን አክቲቪስቶች ፎቶ የሚመስል ፋይል በኢሜይል ይደርሳቸዋል። ፎቶ አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። እነ ማርዛክ ፋይሉን ከፍተው የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ሲመረምሩ አንድ ቃል አገኙ፤ «ፊንስፓይ»። ሠሪው ስሙን ከውስጥ ሳያጠፋ ረስቶታል። ፊንስፓይ ለመንግሥታት ብቻ የሚሸጥ የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ስካይፕህን ይቀዳል፣ የምትጽፈውን ፊደል በፊደል ይለቅማል፣ ማይክራፎንህን ሳታውቅ ይከፍተዋል። ሻጩ ጋማ የሚባል የእንግሊዝና የጀርመን ኩባንያ ነበር።

ጎበዝ የሚያሰኛቸው ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። አንድ ፋይል ማግኘት ዕድል ነው። እነሱ ግን ፋይሉ የሰረቀውን ወዴት እንደሚልክ ጠየቁ። የስለላው ሰርቨር ኢንተርኔት ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ኮምፒውተር ነው። ዝም ብለህ በሩን ብታንኳኳ ምን ይላል? አንድ ሌላ ተመራማሪ ክላውዲዮ ጓርኒየሪ የባህሬኑን ሰርቨር አንኳኳ። ሰርቨሩ መለሰ፤ «ሃሎ ሽቴፊ»።

አዎ፣ «ሃሎ ሽቴፊ»። በጀርመንኛ «ሰላም ሽቴፊ» ማለት ነው። አንዱ ፕሮግራመር ቢሮው ሲሰለቸው ወይ ሲፋቀር የጻፋት ነገር ትሆናለች፤ ሽቴፊ ማን እንደሆነች እንጃ። ሰላይ ድምፁን አጥፍቶ መቀመጥ ሲገባው የፍቅር ሰላምታ ይዞ በር ላይ ቆሟል። እኔ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ከት ብዬ ነው የሳቅኩት። ጓርኒየሪ ኢንተርኔቱን አስሶ ለሽቴፊ ሰላም የሚሉትን ሰርቨሮች ሰበሰበ። ኩባንያው ደንግጦ ሰላምታዋን አጠፋት። እነ ማርዛክ ሌላ ምልክት ፈለጉ፤ ሰርቨሩ ሲመልስ የሚያሳየውን አመል። እንደገና አሰሱ። በመጋቢቱ ዘገባ 25 አገር ውስጥ ሰርቨር አገኘን አሉ። ኢትዮጵያ አንዷ ናት፣ አድራሻው የኢትዮ ቴሌኮም። ወደዚያው አድራሻ የሚልክ አንድ ፋይልም አገኙ። ማጥመጃው የተቃዋሚው ድርጅት የግንቦት 7 አባላት ፎቶ ነው። ከፍተህ ፎቶውን ስታይ እሱ ከኋላ ገብቶ ሥራውን ይጀምራል።

እኔ በዚያው ሰሞን ጋሼን «ጨርሼልዎታለሁ፣ ይውሰዱት» እያልኩት ነው።

ዓመት አለፈ። የካቲት 2014 ላይ ጋሼ አንድ የታተመ ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞ መጣ። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሷል። ፍርድ ቤቱ በእውነተኛ ስሙ እንዳይጠራ ፈቅዶለት «ኪዳኔ» በሚል ስም ነው የሚጠራው። ጉዳዩን የያዘለት ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሚባለው የዲጂታል መብት ድርጅት ነው። ክሱ የሚለው ይህን ነው፤ ሰውየው አንድ የዎርድ ፋይል በኢሜይል ተላከለት፣ ከፈተው። ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ፊንስፓይ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ስካይፑን፣ ኢሜይሉን፣ የቤተሰቡን የኢንተርኔት ፍለጋ ሁሉ ሲቀዳ ከረመ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ለታሪክ ትምህርት ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ የፈለገው ሳይቀር ተቀድቷል።

ስፖርት ሕክምና! እስቲ አስቡት። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ደመወዝ እየበላ የአንድ ሕፃን የቤት ሥራ ያነባል።

ሌላም አለ። ስለላው ከሰውየው ኮምፒውተር ላይ ሊጠፋ የተሞከረው የሲትዝን ላብ ዘገባ በወጣ በአምስተኛው ቀን ነው። አምስት ቀን! የእህቴ ልጅ፣ ስለ ተጽእኖ ከጠየቅሽኝ አይቀር ይቺን ያዥልኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ጽሑፍ ታትሞ የሚጠቅሰው እስኪመጣ ዓመት ይፈጃል። ይሄኛውን ግን የሚመለከታቸው ሰዎች ወዲያው ነው ያነበቡት። ያጠፉት ደግሞ ተጣድፈው ይመስለኛል፤ ርዝራዡ ቀረ። ክሱም የቆመው በዚያ ርዝራዥ ላይ ነው።

ጋሼ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ቡና ቀዳሁለት፣ አልነካውም።

«ያኔ ከኔ ላፕቶፕ ያወጣሽው ነገር የታል?»

«ምን ጋሼ?»

«ያ ቫይረስ። አስቀምጠሽዋል?»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። እሱ ግን ስለ ክስ አልነበረም የሚያስበው። ፋይሉን የላከለት ጓደኛው ነው የከነከነው። ሃያ ዓመት አብረው ያሳለፉ፣ አንዱ ለአንዱ ክርስትና ያነሱ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ፋይል በኋላ ጋሼ በስካይፕ ያወራቸው ነገሮች ያልታሰበ ቦታ እየተሰሙ ነበር፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ አምኗል። «እሱ ነው የሸጠኝ» አለ። ጓደኛው ደግሞ «እኔ የላክሁልህ ነገር የለም» ብሎ ማለ። ሆድና ጀርባ ሆኑ። በዕድር ስብሰባ አንዱ በዚህ ግድግዳ፣ ሌላው በዚያ።

እውነቱን ለማወቅ ደግሞ የሚያስፈልገው ያ ፋይል ነበር። ምናልባት ተራ የማስታወቂያ ቫይረስ ነው። ምናልባት ማራገቢያው አቧራ በልቶት ነው፣ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ምናልባት ደግሞ የጓደኛውን ኢሜይል ሌላ ሰው ገብቶበት ነው የላከው። ሦስቱንም መለየት ይቻል ነበር። እኔ ሽሮዬ እንዳያር ብዬ ሦስቱንም አንድ ላይ አጠፋኋቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ያን ማታ የሲትዝን ላብን ዘገባ መጀመሪያ ከፈትኩ። በዚያው የካቲት የወጣ አዲስ ነበር፣ ስለ ኢሳት። ማርዛክ አሁንም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2013፣ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሁለት የኢሳት ሠራተኞችን ሦስት ጊዜ ሊያጠምዱ ሞከሩ። በስካይፕ ነው። አንዱ ሠራተኛ ቤልጅየም ያለ ነው፣ ሌላው ደግሞ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ከወንዙ ማዶ። ፋይሉ የተላከው ቀደም ሲል ከጣቢያው ጋር ይሠራ በነበረ ሰው አካውንት ነው። ስሙ «ለኢሳት የሚሆን ጽሑፍ» የሚል ነገር ነው፣ ፒዲኤፍ። ፒዲኤፍ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከ«ፒዲኤፍ» በኋላ ብዙ ባዶ ቦታ አለ፣ የኪቦርዱን ረጅም ቁልፍ ደጋግመህ ስትጫን የሚመጣው ባዶ። ከባዶው ማዶ፣ ስክሪኑ ላይ ከማይታይበት፣ እውነተኛው መጨረሻ ተቀምጧል፤ ኤግዜ። ፕሮግራም ማለት ነው። ብልሃቱ ይኸው ነው። የሚሊዮን ዶላር ሶፍትዌር በባዶ ቦታ ተሸፍኖ።

እኔ ይሄን ሳነብ ደሜ የፈላው በብልሃቱ አይደለም። በአካውንቱ ነው። የምታውቀው ሰው ስም። ሁልጊዜ የምታውቀው ሰው ስም ነው የሚመጣው፤ ከማታውቀው ሰው ማን ይከፍታል? አበሻ ደግሞ የወዳጁን ፋይል አልከፍትም ማለት ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ ተንኮሉ ሁለት ጊዜ ይሠራል። አንዴ ኮምፒውተርህን ይወስዳል፣ አንዴ ወዳጅህን። እኛ ሰፈር በዚያ ዘመን ስንት ሰው በጎሪጥ ይተያይ እንደነበር ያየ ያውቀዋል። «እሱ የነሱ ነው» «እሷ ከኤምባሲ ጋር ትገናኛለች» በየካፌው ነበር። እዚህ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ተማሪ መጥቶ «ፋይሉ ወደዚህ አድራሻ ይልካል፣ ሶፍትዌሩ የዚህ ኩባንያ ነው» ብሎ ሲናገር፣ ጥርጣሬው ከጎረቤትህ ላይ ተነሥቶ አንድ ሰርቨር ላይ ያርፋል። ለኔ የዚህ ሰው ሥራ ትልቁ ነገሩ ይሄ ነው። በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይወጣም።

የኢሳቱ ሶፍትዌር የጣሊያኑ የሃኪንግ ቲም ነበር። ኩባንያው ደንበኞቼን አልናገርም አለ። ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲም እኛ እንደዚህ ዓይነት ነገር አንጠቀምም ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። ሐምሌ 2015 ላይ ግን ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈ። ሰላዩን ሰለሉት። 400 ጊጋባይት ኢሜይልና ደረሰኝ ኢንተርኔት ላይ ተዘረገፈ። ከደንበኞቹ መካከል የኛው ኢንሳ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ነበረበት። አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከፍሏል። ተመራማሪዎቹ ያለ ደረሰኝ፣ ከውጭ በር በማንኳኳት ብቻ የደረሱበት ነገር፣ በደረሰኝ ተረጋገጠ። ይሄ ለአንድ ተመራማሪ እንዴት ያለ ቀን ይሆን? እኔ ብሆን ድግስ እደግስ ነበር።

የኪዳኔ ክስ ግን ከሸፈ። ግንቦት 2016 ላይ ዳኛው ዘጉት፣ መጋቢት 2017 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ምክንያቱን ስሙ። ሕጉ የውጭ መንግሥትን ለመክሰስ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ መፈጸም አለበት ይላል። የተሰለለው ኮምፒውተር ሜሪላንድ ነው፣ ሰውየው ሜሪላንድ ነው፣ የልጁ የቤት ሥራ ሜሪላንድ ነው፤ ሐሳቡና ትእዛዙ ግን ከውጭ ስለመጣ አይሆንም። ሰላዩ በአካል መጥቶ መስኮቱን ሰብሮ ቢገባ ኖሮ ሊከሰስ ይችል ነበር መሰለኝ። ጋሼ ይሄን ሲሰማ «እንግዲህ አርፎ ቤቱ መቀመጡ ጠቀመው» አለ። ሌላ አልተናገረም።

የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ታቋርጠኛለች፣ አውቃታለሁ። «ታዲያ ተሸነፉ እኮ» ትላለች። ክሱ ተሸነፈ። ግን ሌላ ነገር ላሳይሽ።

ነሐሴ 2016። አሕመድ መንሱር የሚባል የኤምሬትስ የሰብዓዊ መብት ተሟጋች በአይፎኑ የጽሑፍ መልእክት ይደርሰዋል። በአገሩ እስር ቤት ስለሚሰቃዩ ሰዎች አዲስ ምስጢር አለ፣ ይሄን ሊንክ ተጫን ይላል። መንሱር ከዚያ በፊት በፊንስፓይም በሃኪንግ ቲምም ተሞክሮበታል። አልተጫነም። መልእክቱን ለነ ማርዛክ ላከላቸው። ቢጫን ኖሮ ስልኩ በደቂቃ የሌላ ሰው ይሆን ነበር። ሊንኩ የሚጭነው የእስራኤሉ ኩባንያ ኤንኤስኦ የሚሸጠውን የስለላ ሶፍትዌር ፔጋሰስን ነው። አፕል ራሱ በማያውቃቸው ሦስት ቀዳዳዎች ውስጥ ያልፋል። ለአፕል ተነገረው፣ በአሥር ቀን ገደማ ጠጋኙ ወጣ፤ 9.3.5 የሚባለው አፕዴት። ያኔ አይፎን የነበረው ሰው ሁሉ፣ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን፣ ቴል አቪቭ ያለ ወታደር፣ እኔም፣ ስልካችን «አፕዴት ላድርግ?» አለን። «እሺ» አልን። አንድ ሰው አልጫንም ብሎ ሌላ ሰው ስላየለት ነው እንግዲህ። መንሱር ራሱ በ2017 ታሰረ። አሥር ዓመት ተፈረደበት። የሱን ነገር ሳስብ ስለ አፕዴቱ ማውራት ያሳፍረኛል።

ወደ እኛ ስመለስ፣ ጥቅምት 2016 ላይ አለ። ከቢሾፍቱው የኢሬቻ ሐዘን በሁለተኛው ቀን ጃዋር መሐመድ ኢሜይል ይደርሰዋል። ያኔ ሚኒሶታ ሆኖ ኦኤምኤንን፣ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን፣ ይመራ ነበር። ቪዲዮ ነው የተላከው፣ ግን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት አድርግ ይላል። ገጹ የታወቀ የኤርትራውያን የቪዲዮ ገጽ ይመስላል፣ የአድራሻው ጅራት ብቻ ይለያል። ሰው እያለቀሰ ባለበት ሰዓት ልቅሶውን ማጥመጃ ማድረግ። እሱም ኢሜይሎቹን ለሲትዝን ላብ አስተላለፈ።

እዚህ ላይ ሰላዮቹ የሠሩት ስህተት ከሽቴፊ አይተናነስም። የሰርቨራቸውን መዝገብ በር ከፍተው ረሱት። ማንም ገብቶ የሚያነበው መዝገብ። እነ ማርዛክ ከዓመት በላይ ቁጭ ብለው አነበቡት። ማን እንደተጠመደ፣ በምን አገር እንዳለ። ሃያ አገር ደረሰ። ሶፍትዌሩን የሚሸጠው ሳይበርቢት የሚባል የእስራኤል ኩባንያ፣ የጦር መሣሪያ ሠሪው የኤልቢት ልጅ፣ ነበር። መዝገቡ ላይ የሻጮቹ የራሳቸው ላፕቶፖች ሳይቀሩ ይታያሉ፤ ናሙና ለማሳየት ታይላንድ፣ ዛምቢያ፣ ኡዝቤኪስታን፣ ፊሊፒንስ ሲዞሩ። በመሃል፣ መጋቢት 2017 ላይ፣ ሰላዮቹ ለማን ኢሜይል ቢልኩ ጥሩ ነው? ለማርዛክ ለራሱ። ለመርማሪው። ምን አስበው እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም። ጅብ እግርህን ሲበላህ ዝም በል የሚለውን ተረት ሰምተው ይሆናል፤ ሰውየው ግን ዝም አላለም። ታኅሣሥ 2017 ዘገባው ወጣ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፣ ካልተናገርኩ ያንቀኛል። እኔ ያነበብኳቸው ዘገባዎች ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። ስለ እኛ ነው፣ ከሚሰለለው ብዙው አማርኛ ተናጋሪ ነው። ጋሼ እንግሊዝኛ ያነባል፣ ግን ሰባ ገጽ ቴክኒክ አያነብም። ለሱ ያነበብኩለት እኔ ነኝ፣ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። «ሰርቨር ማለት ምንድነው?» ሲለኝ «የመልእክት ሳጥን በሉት፣ ሌባው ዕቃ የሚያከማችበት ቤት» እያልኩ። ያ ሥራ የነሱ ሳይሆን የኛ ነው ብለሽ ትከራከሪኛለሽ። ሊሆን ይችላል። የእህቴ ልጅ፣ እንግዲህ አንቺ ነሽ የምትገቢው።

እና የኔስ ነገር? ፎርማት ማድረግ አቁሜያለሁ። ማለቴ፣ ወዲያው ማድረግ። አሁን የተጠረጠረ ላፕቶፕ ከመጣ መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ በአዲስ እተካዋለሁ። አሮጌውን ላስቲክ ውስጥ አድርጌ፣ ወረቀት ለጥፌ፣ ቀንና የባለቤቱን ፊደል ጽፌ የጫማ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ስድስት አሉ። አምስቱ እርግጠኛ ነኝ ባዶ ናቸው፤ አንዱ ሰው ነጻ ፊልም ሲያወርድ ያመጣው ቆሻሻ ነው። ባሌ ሳጥኑን ሲያይ «ደግሞ የሞተ ኮምፒውተር ቀብር ከፈትሽ» ይላል። ኢሜይል ደግሞ «አጥፋው» አልልም፤ «አትክፈተው፣ አታጥፋው፣ ደውልልኝ» ነው የምለው። የመንሱርን ነው የቀዳሁት።

ጋሼና ጓደኛው አልታረቁም። ጓደኛው ዳላስ ገባ። ፋይሉ ቢኖር ይታረቁ ነበር አልልም፣ ሰው ለመጣላት ሌላም ምክንያት ያገኛል። ግን ቢያንስ የምናየው ነገር ይኖረን ነበር።

ባለፈው ዓመት ልጆቹ አይፎን ገዙለት። አፕል ከ2022 ወዲህ ሎክዳውን ሞድ የሚባል ነገር አለው፤ የሚያሰጋው ሰው ካለ ስልኩን በግንብ አጥር የሚያጥር። በየዓመቱ እነ ማርዛክና መሰሎቻቸው እያወጡ ያሳዩዋቸው ቀዳዳዎች ባይኖሩ ይሄ ነገር የሚኖር አይመስለኝም። በ2023 ምንም ሳትጫን የሚገባ አንድ የፔጋሰስ ጥቃት ሲገኝም፣ ይሄን ያበራ ሰው እንደሚተርፍ ነበር የተናገሩት። አሁን አገር ቤትም ሰውም ተለውጧል፣ ጋሼን ማን ይሰልለዋል ትሉ ይሆናል። እኔም አልኩት። «አብሪልኝ ብቻ» አለኝ። አበራሁለት።

በሳምንቱ ደወለ፣ ተቆጥቶ። አዲስ አበባ ያለ የወንድሙ ልጅ በፌስታይም ሲደውልለት አይገባም። ሰዎች የሚልኩለት ሊንክም ፎቶው አይታይም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሠርግ ተጠርቶ ካርዱን ማየት አልቻለም።

«ልጁን መጀመሪያ እርስዎ ይደውሉለት፣ ከዚያ ይገባል» አልኩት።

«ሕፃን ልጅ ሆኜ ሳለሁ እንኳ እንደዚህ አልተዘጋብኝም።»

«ላጥፋው ጋሼ? ሁለት ደቂቃ ነው።»

ቴሌቪዥኑ ከኋላው ይሰማኛል፣ ዜና ነው። ትንሽ ቆየ።

«ተይው» አለኝ። «ካርዱን አንቺ አንብቢልኝ። ስንት ሰዓት ነው ይላል?»